በካምሪ እስከ ጎርጎራ፦ በጣና ዳር የጉዞ ማስታወሻ

ረቡዕ፣ ኅዳር 19 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ባሕር ዳር

ነገ ማለዳ ወደ ጎርጎራ እንነሳለን። ዓርብ ኅዳር ጽዮን ነው። እናቴ ዘንድሮ በዓሉን ጎርጎራ ደብረ ሲና ማርያም ነው የማከብረው ብላ ከመስከረም ጀምራ ቀን ስትቆጥር ነበር። ተወልዳ ያደገችው እዚያው ደንቢያ ነው። ባለፉት ዓመታት ግን ጉልበቷ አልታዘዝ እያላት፣ ሚኒባስ ውስጥ መጠቅጠቁን ፈርታ ቀርታለች። ዘንድሮ መኪና አለን።

መኪናዋ ቶዮታ ካምሪ ነች። ሞዴሏ በፈረንጆቹ 2007፣ ሞተሯ 2.4 ሊትር፣ ማርሿ አውቶማቲክ። ክረምቱ ሲወጣ ነው የገዛኋት። ካምሪ ገዛሁ ስል ሰው ሁሉ የሚመልስልኝ አንድ ዓይነት ነው። «ቤንዚኗን አትችለውም።» «ዕቃዋ አይገኝም።» «ልሽጥ ስትል ገዢ ታጣለህ፤ ቪትዝ አይሻልህም ነበር?» ምክሩን አልንቅም። ቪትዝ ዛሬ ገዝተው ነገ የሚሸጧት መኪና ናት፤ ገበያ አላት። እኔ ግን የፈለግኩት ቤተሰቤን ከነጓዙ ይዛ ሩቅ የምትሄድ የቤት መኪና ነው። ካምሪ ርዝመቷ 4.8 ሜትር ነው። ከኋላ ሦስት ሰው ሳይጋፋ ይቀመጣል። እግር መዘርጊያም አለው፤ ለእናቴ ትልቁ ቁም ነገር ይሄ ነው።

ስገዛት የሆነውን ልንገራችሁ። ደላላው ዳሽቦርዱን በጣቱ እያሳየ «ዘጠና ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሄደችው» ይለኛል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ግን ማይል ነው። የሻንሲ ቁጥሯ በ4 ይጀምራል፤ ይህ አሜሪካ የተሠራች መሆኗን ይነግራል። የጃፓን ቢሆን በ«ጄ» ይጀምር ነበር። 96 ሺህ ማይል ደግሞ ከ154 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይህን ለባለቤቱ ሳስረዳው ዋጋው ላይ እንደገና ተነጋገርን። ከአሜሪካ የመጣ ያገለገለ መኪና የምትገዙ ሰዎች፣ ቀለሙንና ወንበሩን ከማየታችሁ በፊት ይህቺን እዩ። ልዩነቱ ወደ 60 በመቶ ነው፤ ቀላል አይደለም።

ከማይሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ዘይት ነው። ከ2007 እስከ 2009 በተሠሩት ባለ 2.4 ሊትር ካምሪዎች ላይ የታወቀ ነገር አለ። ፒስተኑ ላይ ዘይት የሚጠርገው ቀለበት በጊዜ ብዛት ጥላሸት ይይዝና ይጣበቃል። ዘይቱ ወደ ታች የሚመለስባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎችም ይደፈናሉ። ያኔ ዘይት ወደ ላይ ያልፍና ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል። አሜሪካ ውስጥ ቶዮታ ለነዚህ ሞተሮች ዋስትናውን አራዝሞ ፒስተንና ቀለበት ይቀይር ነበር። መለኪያውም የታወቀ ነው፤ በ1,200 ማይል ከአንድ ኳርት በላይ ከጎደለ ሞተሩ ጥገና ይገባዋል። በኛ ሂሳብ በ1,900 ኪሎ ሜትር ገደማ አንድ ሊትር ማለት ነው።

ይህ ነገር ክፉ የሚሆነው ድምፅ ስለሌለው ነው። መሬት ላይ የሚንጠባጠብ ዘይት አታዩም። ጭሱም ብዙ ጊዜ ለዓይን አይገባም። ቀይዋ የዘይት መብራት ደግሞ የምትበራው ግፊቱ ሲወርድ ነው፤ እሷን ጠብቆ መቆም ከመሸ መንቃት ነው። ስለዚህ ያለው መድኃኒት አንድ ነው። ኮፈኑን ከፍቶ ማየት።

ዛሬ ከሰዓት ጋራዥ ወስጄ ዘይትና ፊልትሮ አስቀየርኩ። መካኒኩ ልጅ ቅን ነው። «ጋሼ፣ ሃያ ሃምሳ ልሙላባት። ወፍራም ዘይት አይጎድልም» አለኝ። ልክ ነው፣ ወፍራም ዘይት መጉደሉን ይቀንሳል። ግን ይህ ሞተር የተሠራው ለቀጭን ዘይት ነው። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ወፍራሙ ዘይት ላይኛው ክፍል እስኪደርስ ይዘገያል፤ በዚያ መሀል የሚፋተገው ብረት ነው። በዚያ ላይ እኔ መጉደሉን ማወቅ እንጂ መደበቅ አልፈልግም። ቀጭኑን፣ አምስት ሠላሳውን አስሞላሁ።

ከዚያ ለካሁ። ደልዳላ ቦታ አቆምኳት። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ አጥፍቼ አምስት ደቂቃ ጠበቅኩ። የዘይት መለኪያ ዘንጉን አወጣሁ፣ በነጭ ሶፍት ጠረግኩ፣ መልሼ እስከ መጨረሻው ከተትኩና ቀስ ብዬ ሳብኩት። አዲስ ዘይት የማር ቀለም ስላለው ብረቱ ላይ ለማየት ያስቸግራል፤ ዘንጉን ወደ ብርሃን ገደድ አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል። ዘይቱ ሙሉ መሆኑን የምታሳየው ላይኛዋ ነጥብ ላይ ቁጭ ብሏል። በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። ታንከሯንም ጢም አድርጌ ሞላሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 20፣ ከባሕር ዳር ቆላ ድባ

12 ሰዓት ላይ ተነሳን። እናቴ ከፊት፣ ባለቤቴ፣ አክስቴና ትንሿ ልጄ ከኋላ። የኋላው ኮፈን ውስጥ ድፎ ዳቦ፣ ጧፍ፣ ለቤተ ክርስቲያን የተገዛ ጥላ፣ ለአጎቴ ጋቢ፣ ውኃ በጀሪካን፣ ደግሞ እናቴ ምን እንደሆነ ያልነገረችኝ አንድ ከረጢት ገብቷል። ሁሉም ያለ ግፊያ ገባ።

ልነሳ ስል አክስቴ የጎማ ምንጣፍ ይዛ መጣች። ጭቃ እንዳይነካት ብላ ነው፣ ልቧ ነው የገዛው። ለተሳፋሪዎቹ አነጠፍኩ፣ በኔ በኩል ግን ተደራቢ ምንጣፍ አላስገባም። በፈረንጆቹ 2009 ቶዮታ በሚሊዮን ለሚቆጠሩ መኪኖች ባወጣው ማሳሰቢያ ውስጥ ከ2007 እስከ 2010 ያሉ ካምሪዎች ነበሩበት፤ ምክንያቱ የሾፌሩ ምንጣፍ ተንሸራቶ ነዳጅ መስጫውን ሊይዝ መቻሉ ነው። አንድ ምንጣፍ፣ እሱም ከመያዣው ጋር የተቆለፈ፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

ባሕር ዳር በዚህ ሰዓት የብስክሌት ከተማ ናት። በዘንባባዎቹ ሥር ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ዳቦ የጫነው ሁሉ በፔዳል ይሄዳል። ባጃጆቹ ገና አልበዙም። የዓባይን ድልድይ ስንሻገር እናቴ አማተበች። ውኃው ከጣና ወጥቶ ገና መንገዱን መጀመሩ ነው፤ ጭጋጉ ላዩ ላይ ተኝቷል።

ከከተማ ከወጣን በኋላ መኪናዋ የራሷን ነገር አገኘች። መንገዱ ሜዳ ነው፣ አስፋልቱ ደህና ነው። ማርሿ አምስተኛ ውስጥ ሲገባ የሞተሩ ድምፅ ይጠፋና የጎማው ብቻ ይቀራል። ሐሙሲት ሳንደርስ እናቴ አሸለበች። ሚኒባስ ውስጥ እንቅልፍ ወስዷት አያውቅም፤ መያዣውን ጨብጣ ነበር የምትሄደው። ስትነቃ ፍጥነት መቁጠሪያውን አየችና «ስድሳ ነው? ጎሽ፣ እንዲህ ቀስ በል» አለችኝ። ስድሳ ማይል 97 ኪሎ ሜትር መሆኑን ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። ትልልቁ ቁጥር ማይል ነው፣ ኪሎ ሜትሩ ከሥሩ በትንንሹ ተጽፏል። ወደ ሃምሳ አወረድኩት። እሱም 80 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለዚህ መንገድ ይበቃል። ከብት፣ ጋሪ፣ ሕፃን የሚሻገርበት መንገድ ነው።

ፎገራ ላይ አጨዳው ደርሷል። ከጉማራ ድልድይ እስከ ርብ ያለው ሜዳ ሩዝ በሩዝ ነው። የታጨደው ተከምሯል፣ ያልታጨደው ወደ ቢጫ ዞሯል። ከመቶ ዓመት በፊት እዚህ ሩዝ የሚባል አልነበረም። በ1970ዎቹ ሰሜን ኮሪያውያን ባለሙያዎች ነበሩ ያለማመዱት፤ «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያ እስከ ዛሬ በገበሬው ዘንድ አለ። ወረታ ቁርስ በላን። ሽሮው ጤፍና ሩዝ በተቀላቀለበት እንጀራ ቀረበ። እንጀራው ነጭና ለስላሳ ነው፤ ልጄ ከቤቱ ይልቅ ይሄን ወደደችው።

አዲስ ዘመንን ካለፍን በኋላ ዳገቱ ይጀምራል። እዚህ ነው ካምሪን የፈተንኳት። አምስት ሰው፣ ሙሉ ታንከር፣ የእናቴ ከረጢት። ጣና ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፣ ዳገቱ ደግሞ ከዚያም በላይ ይወጣል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ፣ ማለትም አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው ማንኛውም ሞተር ከጉልበቱ ያጣል። ትንሽ ሞተር ቢሆን ጭነቱ ይሰማው ነበር። 2.4ቷ ግን ማርሽ አንድ ወደ ታች ወርዳ ያለ ጩኸት ወጣች። ከፊታችን ጭነት የያዘ አይሱዙ ነበር። ቀጥ ያለ ቦታ እስኪገኝ ታግሼ ስቀድመው ሁሉም ነገር በአጭር ርቀት አለቀ። ለኔ የትልቅ ሞተር ጥቅም ይሄ ነው። ከሌላው አጠገብ በተቃራኒ መስመር ላይ የምትቆዩበት ጊዜ ያጥራል።

በእንፍራንዝ በኩል ስናልፍ የጉዛራን ግንብ ከኮረብታው ላይ ለልጄ አሳየኋት። ማክሰኝትን አልፈን እኩለ ቀን ሳይሆን አዘዞ ደረስን። ከዚያ አስፋልቱን ትተን ወደ ግራ፣ ወደ ደንቢያ።

የደንቢያ መንገድ ኮረኮንች ነው። ካምሪ ከመሬት የራቀች መኪና አይደለችም። ጎማዬን ከፍ ያለው ላይ እያስኬድኩ፣ ድንጋዩን በሁለቱ ጎማዎች መሀል ከማሳለፍ ይልቅ በጎማ እየወጣሁበት ቀስ ብዬ ሄድኩ። አንድ ቦታ ላይ ግን ሆዷን ነካት። ድምፁ የፕላስቲክ ነበር፤ ወርጄ ባይ ዘይትም ውኃም አይፈስም። ሞላዎቹ ግን በጣም ጥሩ ናቸው። የመንገዱ ጥርስ መሪው ላይ ይሰማል እንጂ ወንበሩ ላይ አይደርስም። እናቴን ጉልበቷን ስጠይቃት «ጉልበት አለኝ እንዴ? ረስቼዋለሁ» አለች። ይህን መልስ ስሰማ የሆንኩትን መጻፍ ያቅተኛል።

ማታ ቆላ ድባ አጎቴ ቤት ነን። አጎቴ የዲኤክስ ሰው ናቸው። ያቺ ጥንታዊ ቶዮታ ኮሮላ በዚህ አገር ያልሄደችበት የለም። የሳቸው ግቢ ውስጥ ቆማለች፣ ዕድሜዋ ከኔ ብዙም አያንስም። ካምሪዋን ዞረው ዞረው አዩና «ቆንጆ ነች። ግን ዝቅ ብላለች። ዲኤክስ ብትሆን ያን ድንጋይ ታልፈው ነበር» አሉኝ። «እውነትዎን ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው። እውነትም ነው። ዲኤክስ ቀላል ናት፣ በየገጠሩ የሚፈታትና የሚገጥማት ሰው አለ። «ግን እማዬን በሷ አስቀምጠው ባሕር ዳር ድረስ ይወስዷታል?» ስላቸው እህታቸውን አዩና ሳቁ። «እሷስ በዚችው ትሂድ።»

ዓርብ፣ ኅዳር 21፣ ጎርጎራ

ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ወጣን። ጨለማ ውስጥ ነጠላ የለበሱ ሰዎች በመንገዱ ዳርና ዳር ይጓዛሉ። ብዙዎቹ ማታውኑ የተነሱ ናቸው። ረጅም መብራት አበራሁና ሰው ባየሁ ቁጥር ዝቅ እያደረግኩ ነዳሁ። ጯሂትን ካለፍን በኋላ ሁለት አሮጊቶች አይተን ቆምን። ባለቤቴ ልጃችንን ታቀፈች፣ አክስቴ ተጠጋች፣ ሁለቱም ገቡ። ከአቅሟ በላይ መጫን ልክ አይደለም፤ ግን በዚያ ሌሊት አሮጊት ትቶ ማለፍም አልተቻለንም። ከዚያ በኋላ የሰው እርምጃ ፍጥነት ነው የሄድኩት።

ማኅሌቱ ላይ ደረስን። ደብረ ሲና ክብ ናት፣ ጣሪያዋ የሣር ክዳን ነው። ግድግዳዋ ላይ ያሉት ሥዕሎች የአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ናቸው። እናቴ ልጅ ሳለች እናቷ ከነዚህ ሥዕሎች ሥር እያቆመች ታሪካቸውን ትነግራት ነበር። ዛሬ እሷ በተራዋ ለልጄ ነገረቻት። እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ ሰማኋቸው። ስለ መኪና ልጽፍ ነው የተነሳሁት፤ ግን ይህቺ መኪና ለኛ ምን እንደሆነች የሚያስረዳልኝ ከዚህ የተሻለ ነገር የለኝም።

ጾሙም ስላለ ቅዳሴው አልቆ ስንወጣ ከሰዓት ሆኗል። ወደ ውኃው ወረድን። ጣና እዚህ በኩል ሌላ ሐይቅ ይመስላል። ባሕር ዳር የለመድነው ክፍት ውኃ ነው፤ እዚህ አካባቢ ግን ዳር ዳሩን እምቦጭ የሚባለው አረም ይዞታል። ሐይቁ ላይ መታየቱ ከተነገረ ሰባት ዓመት ሆነው። አረንጓዴ ቅጠሉና ሐምራዊ አበባው ላየው ሰው መስክ ይመስላል፤ ለዓሣ አጥማጁ ግን የተዘጋ በር ነው። ታንኳው አያልፍም፣ መረቡ አይጣልም። ከሰዎቹ ጋር ብዙ አወራን። በየሳምንቱ እየወጡ በእጃቸው እንደሚነቅሉ ነገሩን። በመኪና የሚመጣ ሰው ፎቶ አንስቶ ይሄዳል፤ እነሱ እዚያው ናቸው።

ስንመለስ ጯሂት አካባቢ የኋላ ቀኙ ጎማ ተነፈሰ። የግራር እሾህ ነው። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ዳር ይዤ ቆምኩ፣ ከሥር ያለው ግን ዋልካ ነው። ክሪኩን ከሆዷ ጠርዝ ሥር አስገብቼ ሳዞር መኪናዋ ከመነሳት ይልቅ ክሪኩ ሰመጠ። ከላይ የደረቀ መሬት ነው፣ ከሥሩ ግን የክረምቱ እርጥበት አለ። አውጥቼ እንደገና ብሞክር ያው ነው። ከብት የሚጠብቁ ልጆች ቆመው ያዩን ነበር። አንዱ ሄደና ደረቱን የሚያህል ጠፍጣፋ ድንጋይ አቅፎ መጣ። «እዚህ ላይ አርጋት» አለኝ። ድንጋዩን መሬት ላይ አስተካክሎ በተረከዙ ረገጠው። ክሪኩ እሱ ላይ ሲያርፍ መኪናዋ ያለ ችግር ተነሳች። ብሎኖቹን መሬት ላይ እያለች ነበር ያላላኋቸው፤ ጎማው አየር ላይ ሲሆን ብሎን መፍታት መኪናዋን ከክሪክ ላይ ሊጥላት ይችላል። ስኮርታውን አስገብቼ ስጨርስ ልጆቹ ድፎ ዳቦ ይዘው ሄዱ። ከዛሬ ጀምሮ ወፍራም ጣውላ ከኋላ ኮፈን አይወጣም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 22፣ ጎንደር

አዘዞ ጎሚስታ ጋ ቆምን። እሾሁን አውጥቶ ሠራልኝ፣ ከዚያ ጠራኝና የጎማውን ጎን አሳየኝ። ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አለ፤ 3811 ይላል። በ2011 በፈረንጆቹ፣ በ38ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ጥርሱ ገና ደህና ነው፣ ከሩቅ የሚያይ ሰው አዲስ ይለዋል። በጣቱ ጎን ጎኑን ሲጫነው ግን የፀጉር ያህል ቀጫጭን ስንጥቆች ተከፈቱ። «ይሄ በጥርስ አይታይም። ጎማ ዕድሜ አለው» አለኝ። ያገለገለ መኪና ስትገዙ ጥርሱን ብቻ ሳይሆን ይህን ቁጥር አንብቡ። አራቱንም አየን፤ ሁለቱ በዚያው ዓመት የተሠሩ ናቸው፣ ሁለቱ አዳዲስ።

አጠገቡ ያለ መካኒክ ከሥር ገብቶ አየልኝ። ትናንት ወዲያ ድንጋዩ የነካው ሞተሩን ከታች የሚሸፍነው ፕላስቲክ ነው፤ ሁለት ብሎን ወልቋል። አጠበቀው፣ አለቀ።

ጎንደር ያረፍንበት ሆቴል ግቢ ውስጥ ሌላ ካምሪ ቆማ አገኘሁ። ያው ሞዴል፣ ያው ቀለም። ባለቤቷ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ለብዙ ዓመታት ነድተዋታል። ስለ ዘይቱ ሳነሳባቸው ሳይደብቁ ነገሩኝ። የሳቸዋ በሁለት ሰርቪስ መሀል ግማሽ ሊትር ዘይት ይጨመርባታል፣ እሱንም ገዝተው ከወንበር ሥር ያስቀምጣሉ። «የመጀመሪያ ባለቤቷ ዘይት ሳይቀይር ረጅም ጊዜ ነድቷታል። እኔ በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ መቀየር ከጀመርኩ በኋላ አልባሰባትም» አሉኝ። ዕቃ አይገኝም ስለሚባለውም ጠየቅኳቸው። ይህ ሞተር ራቭ ፎር ላይም እንዳለ አስታወሱኝ። ስለዚህ ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ ቀበቶ የመሳሰለው እዚሁ አለ። የሚያስቸግረው አካሏ ነው። የፊት መብራት ወይም ፓራውልት ከተሰበረ አዲስ አበባ ማስፈለግ ነው፣ ዋጋውም ያማል። «ስለዚህ አታጋጫት» አሉኝ ተሰነባብተን።

ልጄ የፋሲልን ግንብ አየች። ስለሱ ብዙ ስለተጻፈ እኔ አልጨምርበትም።

እሑድ፣ ኅዳር 23፣ ወደ ባሕር ዳር

ከአዘዞ ስንወርድ ፀሐዩ ከፊት ነው። አየር ማቀዝቀዣውን ከፈትኩ። በከተማ ውስጥ ሞተሩን ያሳንፋል፤ እዚህ በረጅሙ መንገድ ግን ልዩነቱ አይታወቅም። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ላይ አልተኛሁም። ማርሹን ዝቅ አድርጌ ሞተሩ እንዲይዛት ተውኩ። አውቶማቲክ የሚነዱ ብዙ ሰዎች ማርሹን ከ«ዲ» አያንቀሳቅሱትም፤ ቁልቁለት ላይ ግን መንቀሳቀስ አለበት። ፍሬን ሲግል እየሸተተ ነው የሚናገረው፣ ያኔ ደግሞ ዘግይቷል።

ወረታ ላይ ሩዝ ገዛን። ቦታ ስለነበረ አክስቴ ለጎረቤት ጭምር ገዛች። ሐሙሲት ላይ እናቴ እንደገና ተኛች።

ባሕር ዳር ስንገባ መጀመሪያ ማደያ ገባሁ። በዚያው ማደያ፣ በዚያው መሣሪያ፣ መሙያው ራሱ እስኪያቆም። 43 ሊትር ወሰደች። የሄድነው 298 ማይል፣ ማለትም 480 ኪሎ ሜትር ነው። በሊትር 11 ኪሎ ሜትር ትንሽ ፈቀቅ ይላል። ከዚህ ውስጥ ከፊሉ ኮረኮንች ላይ በዝቅተኛ ማርሽ፣ በሙሉ ጭነት የተሄደ ነው። «ቤንዚኗን አትችለውም» ያሉኝ ሰዎች ከከተማ ውስጥ አጠቃቀም ተነስተው ከሆነ እውነት አላቸው። ባጃጅ መሀል ስትቆምና ስትነሳ ትበላለች። ለረጅም መንገድ ግን ይህ ለአምስት ሰው ብዙ አይደለም። አምስት የሚኒባስ ትኬት ሂሳብ ብትሠሩት የሚቀራረብ ነው፤ የእናቴ ጉልበት ሳይቆጠር።

ዘይቱን ዛሬ አልለካሁም። ሁሉም ሰው ደክሞታል፣ ግቢያችን ደግሞ ወደ በሩ ያዘነበለ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የሚወሰድ ልኬት ያታልላል።

ሰኞ፣ ኅዳር 24፣ ባሕር ዳር

ጠዋት ረቡዕ የለካሁበት ቦታ ላይ ወስጄ አቆምኳት። ያው ደልዳላ ሲሚንቶ፣ ያው አቅጣጫ። ሞተሩን አሙቄ አጠፋሁ፣ አምስት ደቂቃ ጠበቅኩ። ዘንጉን ሳብኩ፣ ጠረግኩ፣ ከተትኩ።

ሂሳቡ ይህ ነው። በ1,900 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ከሆነ ወሰኑ፣ በ480 ኪሎ ሜትር ሩብ ሊትር ማለት ነው። በሁለቱ ነጥቦች መሀል ያለው ደግሞ አንድ ሊትር ገደማ ስለሆነ፣ ዘይቱ ከላይኛዋ ነጥብ ሩብ መንገድ ወርዶ ከሆነ ልጨነቅ ይገባል። ዘንጉን አወጣሁት። ዘይቱ አሁን ትንሽ ጠቆር ስላለ ከረቡዑ ይልቅ በግልጽ ይታያል። ከላይኛዋ ነጥብ የወረደው የክብሪት እንጨት ውፍረት ያህል ነው። ከረቡዑ ፎቶ ጋር ጎን ለጎን አድርጌ አየሁት። ከወሰኑ ግማሽ እንኳን አይሞላም። ለርግጠኝነት ደግሜ ጠርጌ ለካሁ፣ ያው ነው።

ደስ አለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ። አስፋልት፣ ዳገት፣ ኮረኮንች፣ ከልክ በላይ ጭነት፤ ሁሉንም አይታ ይህን ያህል ብቻ። ለዚህ ሞተር አንድ ጉዞ ብቻውን ፍርድ አይደለም፤ በየሺህ ኪሎ ሜትሩ እለካለሁ። ትንሽ ደብተር ገዝቼ ከፊት መሳቢያው ውስጥ አስቀምጫለሁ። ቀን፣ ማይል፣ የዘይቱ ልክ፣ የጨመርኩት ካለ።

የባለቤቴ ወንድም ማታ ደውሎ «ካምሪ ልግዛ እንዴ?» አለኝ። ግዛም አትግዛም አላልኩትም። ሻንሲ ቁጥሩን እንዲያነብ፣ ማይልና ኪሎ ሜትሩን እንዲለይ፣ ባለቤቱን ሳያስጠነቅቅ ዘይቱን እንዲለካ፣ የጎማውን ዕድሜ እንዲያይ ነገርኩት። ባለ 2.4 ከሆነችና ዘንጉ ላይ ዘይት ከታችኛዋ ነጥብ በታች ካገኘ፣ ሌላው ነገር ምንም ቢያምር ትቷት እንዲሄድ አጥብቄ ነገርኩት። በፈረንጆቹ ከ2010 ወዲህ ያሉት ሞተራቸው ሌላ ነው፣ አቅሙ ከፈቀደ እነሱን ይይ።

ሁለቱን አሮጌ ጎማዎች ከገና በፊት እቀይራለሁ። 215/60 ባለ 16 ባሕር ዳር ውስጥ ጠየቅኩ፤ አንድ ሱቅ አለኝ ብሎኛል፣ የተመረተበትን ሳምንት ግን ራሴ ሄጄ አነበዋለሁ።